ያ ሌላ ጉብኝት ነው

አስጎብኚያችን ድንገት ቆመችና ክንዷን ዘርግታ ባዶውን አየር አመለከተች። «አንዱ በር እዚህ ነበር» አለች። የክንዷን አቅጣጫ ተከትለን ብናይ የቆመ ሞተር ሳይክልና የቆሻሻ ገንዳ እንጂ በር የሚባል ነገር የለም። ከመካከላችን አንድ ጎልማሳ ስልኩን አውጥቶ ያንኑ ባዶ ቦታ ፎቶ አነሳ። በሆዴ ሳቅሁበት። ከሁለት ሰዓት በኋላ ግን ከሁላችን ይልቅ ነገሩ የገባው እሱ እንደነበር ተረዳሁ። በሮም የአይሁድ ሰፈር የሚጎበኘው ከሞላ ጎደል የሌለው ነገር ነው።

ሰፈሩ ያለው በከተማዋ እምብርት፣ የቴቬሬ ወንዝ ትንሿን ደሴት አቅፎ በሚያልፍበት ዳር ላይ ነው። ወደ ደሴቷ የሚያሻግረው የፋብሪቾ ድልድይ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ62 ዓመት የተሠራ ሲሆን ዛሬም እግረኛ ይመላለስበታል። በመካከለኛው ዘመን «የአይሁድ ድልድይ» ይሉት ነበር። አይሁድ ግን ሮምን ያወቋት ከድልድዩም በፊት ነው። የይሁዳ መቃቢ መልእክተኞች ቃል ኪዳን ሊፈራረሙ ወደዚህች ከተማ የመጡት ከክርስቶስ ልደት በፊት በ161 ዓመት ነው። (በእኛ መጽሐፈ መቃብያን ያለው ታሪክ ሌላ ስለሆነ እዚያ የሚፈልገው አንባቢ አያገኘውም።) ስለዚህ የሮም አይሁድ ከቅዱስ ጴጥሮስ ቀድመው የገቡ የከተማዋ ነባር ነዋሪዎች ናቸው። መሠረታቸው ከስፔን ከተሰደዱት ሴፋርዲም ወይም ከሰሜንና ከምሥራቅ አውሮፓ አሽኬናዚም አይደለም። የራሳቸው የጸሎት ሥርዓት አላቸው፣ አነጋገራቸውም የሮማውያን ነው።

በሩ የመጣው በ1555 ነው። (ከዚህ በኋላ የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) በዚያ ዓመት ጁላይ 14 ቀን ርዕሰ ሊቃነ ጳጳሳት ጳውሎስ 4ኛ ባወጡት አዋጅ የሮም አይሁድ በአንድ ቦታ ተሰብስበው፣ ዙሪያቸው ታጥሮ፣ ማታ ማታ በር ተዘግቶባቸው እንዲኖሩ ታዘዘ። የቅጥሩን ወጪ የከፈሉትም የሚታጠሩት ራሳቸው ናቸው። ቦታው ከወንዙ ጋር ትከሻ ለትከሻ የገጠመ ረባዳ ነበርና ቴቬሬ በሞላ ቁጥር መጀመሪያ የሚጠጣው እነሱን ነው። ወንዱ ያለ ቢጫ ባርኔጣ፣ ሴቷም ያለ መለያ ምልክት ከበሩ መውጣት አይችሉም ነበር። ከንግድ የተፈቀደላቸው አሮጌ ልብስና ብጣሽ ጨርቅ መነገድ ነበር። እኛ ሰልባጅ የምንለው ማለት ነው። ወለድ የማበደሩ ሥራም ለተወሰነ ጊዜ ተትቶላቸው በኋላ ተነጠቁ። የአዲስ አበባ «ቆራሌው» በየመንደሩ እየተጣራ እንደሚያልፍ ሁሉ የሮም አይሁዳዊም ከአጥሩ ወጥቶ በየጎዳናው አሮጌ ዕቃ እየጮኸ ይገዛ ነበር።

እኔን ከሁሉ ይበልጥ ያቆመኝ ግን ከአዋጁ አንቀጾች መካከል ትንሹ ነው። ድሃ ክርስቲያን እንኳ ቢሆን አይሁዳዊን «ጌታዬ» ብሎ እንዳይጠራ ይከለክላል። አብረውኝ ከነበሩት ጎብኚዎች አብዛኞቹ ይህን ሰምተው ፈገግ ብለው አለፉ። ቋንቋቸው ለሁሉም አንድ መጠሪያ ስለሚበቃው ይሆናል። «አንተ» እና «አንቱ» እየለየ ላደገ ሰው ግን ይህ ከቅጥሩ የማይተናነስ ክልከላ ነው። አጥር ሰውን ከሰው የሚለየው ማታ ማታ ነው፤ መጠሪያ ግን ቀኑን ሙሉ፣ በእያንዳንዱ ሰላምታ ይለያል። ሕጉን ያረቀቀው ሰው የአክብሮት ቃል ስንት እንደሚመዝን ከእኛ አገር ሽማግሌ ባላነሰ ያውቅ ነበር ማለት ነው።

አይሁድ ቤት መግዛትም አልተፈቀደላቸውም። ባለቤቱ ክርስቲያን፣ ነዋሪው አይሁዳዊ ሆኖ ቀጠለ። ታዲያ አከራዩ እንደፈለገ እንዳያስወጣና ኪራይ እንዳይጨምር የሚከለክል ደንብ ስለወጣ፣ ተከራይነቱ ራሱ የሚወረስ፣ ለልጅ ጥሎሽ የሚሰጥ ንብረት ሆነ። አስጎብኚዋ ይህን ስታስረዳ ፈረንጆቹ ግር ብሏቸው ሦስት ጊዜ ጠየቋት። እኔ በመጀመሪያው ገብቶኛል። የቀበሌ ቤት ነው! የራስ ያልሆነ፣ ግን ማንም የማያስወጣህ፣ ኪራዩ የማይጨምር፣ ጣሪያው የሚያፈስ፣ ለልጅ የሚተላለፍ ቤት ምን ማለት እንደሆነ ለአዲስ አበቤ ማስረዳት አያስፈልግም።

ከድልድዩ አጠገብ፣ ከበሮቹ አንዱ በነበረበት ፊት ለፊት፣ አንዲት ትንሽ ቤተ ክርስቲያን አለች። ከመግቢያዋ በላይ በዕብራይስጥና በላቲን የተጻፈው ከኢሳይያስ ምዕራፍ 65 የተወሰደ ሲሆን፣ አምላክ እጁን ቢዘረጋለትም እንቢ ስላለ ሕዝብ የሚናገረው ቃል ነው። ነቢዩ ለገዛ ወገኑ የተናገረውን ተግሣጽ ሌላው አንሥቶ፣ በገዛ ፊደሉ፣ በየቀኑ ሲወጣ እንዲያነበው ፊቱ ለጠፈበት። በዚህም አላበቃም። ከ16ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ እስከ 19ኛው አጋማሽ ድረስ አይሁድ ሰንበታቸውን አክብረው ከምኩራብ ሲወጡ፣ በየተራ ወደ ቤተ ክርስቲያን እየተነዱ ሃይማኖታቸውን እንዲለውጡ የሚወተውት ስብከት እንዲሰሙ ይገደዱ ነበር። ስብከቱ ይሰጥባቸው ከነበሩት አንዱ በጥንቱ የኦታቪያ ፖርቲኮ ውስጥ የተሠራው የሳንት አንጄሎ ቤተ ክርስቲያን ነው። ሰዎቹ ጆሯቸውን በሰም ደፍነው ይገቡ ነበር ይባላል። እውነት ይሁን ተረት፣ በሰፈሩ እስከ ዛሬ ይወራል።

እዚያው ፖርቲኮ አጠገብ ዓይን የማይገባ አንድ የእብነ በረድ ሰሌዳ አለ። ቦታው ለብዙ መቶ ዓመታት የዓሣ ገበያ ስለነበር ርዝመቱ ከዚህ ድንጋይ የሚበልጥ ዓሣ ከተያዘ ጭንቅላቱ እስከ መጀመሪያው ክንፉ ተቆርጦ ለከተማዋ ሹማምንት እንዲሰጥ ያዛል። የዓሣ ጭንቅላት ለሾርባ ይፈለግ ነበር። ሹም ምንጊዜም ሹም ነው ብዬ አለፍኩ።

በአዋጁ አንድ ምኩራብ ብቻ ነበር የተፈቀደው። ከስፔንና ከሲሲሊ ተሰድደው የመጡት ከነባሮቹ ጋር በአንድ ሥርዓት መጸለይ አልፈለጉም። ስለዚህ አንድ ሕንፃ ሠርተው በውስጡ አምስት ምኩራብ ከፈቱ። ከውጭ ለሚያይ መርማሪ አንድ ቤት ነው፤ ሲገባ አምስት ጉባኤ ነው። ሕንፃው በ1893 ተቃጠለ። ዛሬ በቦታው አደባባይ አለ፤ ስሙ ብቻ አምስቱን ምኩራቦች ያስታውሳል።

ሰፈሩን ያፈረሰው ግን እሳት አይደለም። በ1870 የኢጣሊያ ጦር ሮምን ይዞ የጳጳሳቱ ምድራዊ አገዛዝ ሲያከትም አይሁድ ሙሉ ዜጋ ሆኑ። ከ1880ዎቹ መጨረሻ ጀምሮም የከተማው አስተዳደር የጎርፍና የበሽታ መፈልፈያ ያለውን ይህን ጠባብ መንደር ከሞላ ጎደል አፈረሰው፤ ወንዙንም በትልልቅ የድንጋይ ግድግዳ አሰረው። በፈረሰው ላይ አራት ሰፋፊ ብሎኮች ቆሙ። በአንደኛው ላይ በ1904 የተመረቀው ታላቁ ምኩራብ አራት ማዕዘን ጉልላቱን ሽቅብ ሰድዶ፣ በክብ ጉልላቶች በተሞላችው ከተማ ከሩቅ ይለያል። ሆን ተብሎ ነው እንደዚያ የተሠራው። ለሦስት መቶ ዓመት ተደብቆ እንዲጸልይ የተደረገ ሕዝብ ሕንፃ የመሥራት ዕድል ሲያገኝ ምን እንደሚሠራ የሚያሳይ ነው። የጳጳስ እግር ያን ደጃፍ የረገጠው ግን በ1986፣ በዮሐንስ ጳውሎስ 2ኛ ዘመን ነው። ከመንበራቸው እስከ ምኩራቡ በእግር የአንድ ሰዓት መንገድ እንኳ አይሆንም።

እዚህ ላይ ሐሳቤ ወደ ጎንደር ሄደ። ከከተማዋ ወጣ ብሎ በደባርቅ መንገድ ላይ ያለችው ወለቃም የአይሁድ መንደር ተብላ ትጎበኛለች፤ ባለቤቶቹ ራሳቸው የማይወዱት የድሮ ስም ነው በብዛት የሚነገርላት። በጎጆዎቹ ላይ የተሣለ የዳዊት ኮከብ፣ በመንገድ ዳር የተደረደረ ጥቁር የሸክላ ምስል፣ እንግዳ ባየ ቁጥር የሚሮጥ ልጅ አለ። ቤተ እስራኤል ግን የሉም። በ1984ና 85 በሱዳን በኩል፣ በ1991 ደግሞ በአንድ ቀን ተኩል ውስጥ ከአዲስ አበባ በአውሮፕላን ከተጫኑት ከ14 ሺህ በላይ ሰዎች ጋር ሄደዋል። ሮም ቤቱ ጠፍቶ ሰዉ አለ። ከምኩራቡ ጎን ልጆች ከአይሁድ ትምህርት ቤት ሲወጡ ይንጫጫሉ፤ አሮጊቶች አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጠው መንገደኛውን ያማሉ። አስጎብኚ የተሳሳተ ነገር ቢናገር ከአሮጊቶቹ አንዷ ታርመዋለች። ወለቃ ውስጥ ግን የሚያርም የለም፤ የተነገረው ሁሉ ይጸድቃል። የሁለቱ ጉብኝቶች ልዩነት ከአስጎብኚዎቹ ዕውቀት ሳይሆን ከዚህ የሚመጣ ይመስለኛል።

የሮሙ ሰፈር ሕያው ነው ስል ግን ሌላም ነገር ማንሣት አለብኝ። የኦታቪያ ፖርቲኮ ጎዳና ዛሬ ከዳር እስከ ዳር ምግብ ቤት ነው። ታዋቂው ምግብ በዘይት ሁለት ጊዜ ተጠብሶ እንደ አበባ የሚፈነዳ አርቲቾክ ሲሆን፣ እውነቱን ለመናገር ይጣፍጣል። በድህነት የተፈጠረ ምግብ በቱሪስት ዋጋ ሲሸጥ ማየት ግን ደስ አይልም። እግር ሥር ደግሞ ጠረጴዛዎቹ መካከል አሥር ሳንቲ ሜትር በአሥር ሳንቲ ሜትር የሆኑ የነሐስ ድንጋዮች ተቀብረዋል። ጉንተር ዴምኒግ የተባለው ጀርመናዊ አርቲስት የጀመራቸው «የማደናቀፊያ ድንጋዮች» ናቸው፤ በእያንዳንዱ ላይ እዚያ ቤት ይኖር የነበረ፣ ተይዞ የተወሰደ አንድ ሰው ስም አለ። ለማንበብ ማጎንበስ ያስፈልጋል። አስተናጋጆች ሳህን ተሸክመው ይረማመዷቸዋል፤ ሊወቀሱ አይገባም፣ ሥራቸው ነው።

ጉብኝቱ የሚከብደው እዚህ ነው። ሮም በጀርመን ጦር በተያዘች በሳምንታት ውስጥ፣ ሴፕቴምበር 26 ቀን 1943፣ የከተማዋ የኤስ ኤስ አዛዥ ኸርበርት ካፕለር የአይሁድ ማኅበረሰቡን መሪዎች ጠርቶ በ36 ሰዓት ውስጥ 50 ኪሎ ግራም ወርቅ እንዲያመጡ፣ ካላመጡ 200 ሰው እንደሚጋዝ ነገራቸው። ሰዉ ወደ ምኩራቡ ጎረፈ። ቀለበት፣ የአንገት ሐብል፣ የጥርስ ወርቅ ሳይቀር መጣ፤ ክርስቲያን ጎረቤቶችም አምጥተው ሰጡ። ወርቁ ሞላ፤ ሴፕቴምበር 28 ቪያ ታሶ በሚባለው ጎዳና ተመዘነ። ሰዎቹ ዳንን ብለው ገቡ። በጥቂት ሳምንታት ውስጥ የማኅበረሰቡ ቤተ መጻሕፍት በባቡር ፉርጎ ተጭኖ ሄደ፤ እስከ ዛሬ አልተገኘም። ኦክቶበር 16፣ ቅዳሜ፣ ገና ሳይነጋ በዝናብ ሰፈሩ ተከበበ። ከ1,000 በላይ ሰው በጭነት ባቡር ወደ አውሽዊትዝ ተወሰደ። የተመለሱት 16 ናቸው፤ 15 ወንድና አንዲት ሴት። ሕፃናቱ ከ200 በላይ ነበሩ፤ አንድም አልተመለሰም።

ወርቁ ሲነገር ነው እኔ እጄን ያነሣሁት።

ከቆምንበት ቦታ የአሥር ደቂቃ ያህል መንገድ ርቆ ነጩ የኢጣሊያ አንድነት ሐውልት አለ። ዲሴምበር 18 ቀን 1935 ንግሥት ኤሌና እዚያ ወጥተው የጋብቻ ቀለበታቸውን ለአገር ሰጡ፤ የኢጣሊያ ሴቶችም በየከተማው ተሰልፈው የወርቅ ቀለበታቸውን አውልቀው በምትኩ የብረት ቀለበት አጠለቁ። የመንግሥታቱ ማኅበር በኢጣሊያ ላይ ማዕቀብ ጥሎ ነበርና ወርቁ የሚያስፈልገው ለጦርነቱ ነበር። ጦርነቱ የእኛው ነው። ኢጣሊያውያን አይሁድም እንደ ማንኛውም ዜጋ በዚህ ተሳትፈዋል፤ ታማኝነታቸውን ማሳየት ይፈልጉ ነበር። ከስምንት ዓመት በኋላ በምኩራቡ ሚዛን ላይ ወርቅ ሊያስቀምጡ ከመጡት መካከል ስንቱ ቀለበቱን ቀድሞ በአምባ አራዳም ላይ ለሚወርድ ቦምብ ሰጥቶ ጣቱ ባዶ ሆኖ ይሆን?

ይህን የማነሣው ማንም ላይ ለመፍረድ አይደለም። ነገሩ በወርቅ ብቻ ቢያበቃ ኖሮ አጋጣሚ ነው ብዬ እተወው ነበር። ግን ሕጉም አለ። በጉብኝቱ ትረካ የኢጣሊያ ዘረኝነት የሚጀምረው በ1938 ነው። «የዘር ማኒፌስቶ» የተባለው ጽሑፍ በጋዜጣ የወጣው በዚያ ዓመት ጁላይ 14 ነው፤ የጳውሎስ 4ኛ አዋጅ የወጣበት ቀን መሆኑን ልብ ይሏል። ከዚያ የአይሁድ ልጆች ከትምህርት ቤት፣ አባቶቻቸው ከመንግሥት ሥራ ተባረሩ። ትረካው ከዚያ ወደ ጀርመኖቹ ይሻገራል። ነገር ግን የፋሺስቱ መንግሥት አንድ ኢጣሊያዊ ከአፍሪካዊት ጋር እንደ ባልና ሚስት ቢኖር ከአንድ እስከ አምስት ዓመት እንዲታሰር የሚደነግገውን ሕግ ያወጣው በኤፕሪል 1937 ነው። የካቲት 12 ሁለት ወር አልፎት፣ የአዲስ አበባ ደም ገና ሳይደርቅ ማለት ነው። በኖቬምበር 1938 የወጣው ድንጋጌ የመጀመሪያ አንቀጹ «የአርያን ዘር» የሆነ ኢጣሊያዊ ከሌላ ዘር ጋር እንዳይጋባ ሲከለክል፣ የሮም አይሁዳዊና የሐማሴን ወይም የሸዋ ሰው በአንድ ዓረፍተ ነገር ውስጥ ገቡ። ሥራው የተለመደው በእኛ ላይ ነው፤ እጁ ከተፍታታ በኋላ ነው ወደ ጎረቤቱ የዞረው።

በዚህ መካከል የአንድ ሰው ታሪክ አለ። በ1936 የኢጣሊያ የአይሁድ ማኅበረሰቦች ኅብረት ካርሎ አልቤርቶ ቪቴርቦ የተባለ ጠበቃ ወደ ኢትዮጵያ ላከ። ተልእኮው በአዲስ አበባ የሚኖሩትን አይሁድ ማደራጀትና የጎንደር ቤተ እስራኤልን መጎብኘት ነበር፤ ወራሪው መንግሥት የራሱን አይሁድ እንደሚያከብር ሁሉ እነዚህንም ይይዛቸዋል በሚል ተስፋ። ተስፋው ግን የሁሉም አልነበረም። ከቤተ እስራኤል ወገን የሆነው፣ በፍሎረንስ የረቢዎች ትምህርት ቤት ተምሮ ጣሊያንኛን ጠንቅቆ የሚያውቀው፣ በአዲስ አበባ የቤተ እስራኤልን ትምህርት ቤት ያስተዳደረው ታምራት አማኑኤል ከወረራው በኋላ አገር ጥሎ ወጣ። ኢጣሊያን ከውስጥ ስለሚያውቃት ይሆናል ተስፋ ያላደረገባት። ቪቴርቦን የላከው ኅብረት የሚወክላቸው አይሁድም ከሁለት ዓመት በኋላ ራሳቸው በ1938ቱ የዘር ሕግ ተመቱ። ቪቴርቦም በ1940 ታስሮ ወደ ማጎሪያ ካምፕ ተላከ።

እጄን አንሥቼ የጠየቅሁት ይህን ሁሉ አይደለም፤ አይቻልምም። ስለ 1935ቱ ቀለበት ብቻ ነው ያነሣሁት። አስጎብኚዋ በትሕትና አዳመጠችኝ፤ ታሪኩን ታውቀዋለች፣ አላስተባበለችም። ከዚያ ሰዓቷን አየችና ያ ሌላ ጉብኝት ነው አለችኝ።

ልፈርድባት አልቻልኩም። በሁለት ሰዓት ሁለት ሺህ ዓመት የሚተርክ ሰው አንዱን ሳይጥል ሌላውን አያነሣም፤ ከምኩራቡ ፊት ቆሞ ወታደር የሚጠብቀው ለምን እንደሆነ፣ በ1982 በተጣለው የሽብር ጥቃት የሁለት ዓመት ሕፃን መሞቱን ማስረዳትም ነበረባት። በዚያ ላይ የእኛም አስጎብኚዎች ከዚህ የባሰ ይዘላሉ፤ በወለቃ ስለ ታምራት አማኑኤል ወይም ስለ ቪቴርቦ የሚናገር አልገጠመኝም። ክርክሬ ከሴትዮዋ ጋር ሳይሆን «ሌላ ጉብኝት» ከሚለው ሐሳብ ጋር ነው። ሁለቱን ወርቅ አንድ መንግሥት ሰብስቦ ወይም ለሚሰበስበው ወዳጁ አመቻችቶ፣ ሁለቱን ሕግ አንድ ብዕር ጽፎ ሳለ፣ ጎብኚው ለአንዱ ሰኞ፣ ለሌላው ማክሰኞ ትኬት የሚቆርጥበት ምክንያት አልታየኝም። ሦስት ዓረፍተ ነገር ይበቃ ነበር፤ ወርቁ ሲነሣ ቀለበቱን፣ 1938 ሲነሣ 1937ን፣ ኅብረቱ ሲነሣ ቪቴርቦን። ይህ የአይሁድን መከራ አያሳንሰውም፤ እንዴት እንደተዘጋጀ ነው የሚያሳየው።

ቡድኑ ተበተነ። አብዛኛው ወደ አርቲቾኩ ሄደ። ወርቁ የተመዘነበት ቪያ ታሶ ካለበት አካባቢ ብዙም ሳይርቅ በአምባ አራዳም ስም የተሰየመ ጎዳና እንዳለ አውቃለሁ። ከዚያ ጦርነት የተረፈው «አምባራዳን» የሚለው ቃል በዛሬው ጣሊያንኛ ዝብርቅርቅ፣ ግርግር ማለት ነው፤ እናቶች የልጆቻቸው ክፍል ሲዘበራረቅ የሚሉት። ወደዚያ ልሂድ አልኩና ሐሳቤን ለወጥኩ። በወንዙ ዳር ታጥፌ ወደ ደቡብ፣ ወደ ጥንቱ የሠረገላ ሜዳ ጫፍ ሄድኩ። ግማሽ ሰዓት አይሞላም። በፖርታ ካፔና አደባባይ የአክሱም ሐውልት ከ1937 ጀምሮ፣ በ2003 ተነቅሎ በ2005 ወደ አገሩ እስኪመለስ ድረስ ቆሞ የነበረበት ቦታ አለ። የአፍሪካ ቅኝ ግዛቶች ሚኒስቴር እንዲሆን የተጀመረው ሕንፃ ዛሬ የዓለም የምግብና የእርሻ ድርጅት ነው። መኪናው ይጎርፋል። ከሐውልቱ ግን እግረኛ ቆሞ የሚያየው ነገር የለም።

ስልኬን አወጣሁና ባዶውን አየር ፎቶ አነሣሁ።